ምስል ምስክር ሲሆን

የሰው ልጅ ከሁሉ ይልቅ የሚያምነው ዓይኑ ያየውን ነገር ነው። «በጆሮዬ ሰማሁ» የሚለውን ሰው «ማን ነገረህ?» ብለን እንጠይቀዋለን፤ «በዓይኔ አየሁ» የሚለውን ግን ብዙ ጊዜ ሳንመረምር እናምነዋለን። ይህ ልማድ በጥንት ጊዜ ጕዳቱ ጥቂት ነበር፤ አየሁ የሚለው ሰው በቦታው ቆሞ ያየ ነበርና። ዛሬ ግን የምናየው ነገር የሚበዛው ሌላ ሰው፣ በሌላ ስፍራና በሌላ ዘመን ሆኖ ያነሣው ፎቶግራፍ፣ የቀረጸውም ፊልምና ድምፅ ነው። ስለዚህ፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በዚህች ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ፎቶግራፍ እውነተኛ ምስክር ነውን? እውነተኛ ምስክር ከሆነስ በእርሱ ብቻ ተማምኖ ሰውን ማመስገን ወይም መኰነን ይገባልን?

ነገሩ ባዶ ሐሳብ ሆኖ እንዳይቀር አንድ የታወቀ ምሳሌ እወስዳለሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዩጎዝላቪያን የመሩት ማርሻል ዮሲፕ ብሮዝ ቲቶ፣ በ1945 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1972 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ፣ ዓለምን በመርከብና በአውሮፕላን እየዞሩ ከብዙ መንግሥታት ጋር ወዳጅነት መሥርተዋል። በሄዱበት ሁሉ ፎቶግራፍ አንሺና የፊልም ባለሙያ ይከተላቸው ነበር። ከዚያ ፎቶግራፍ እጅግ ብዙው ዛሬ በቤልግሬድ ከተማ በዩጎዝላቪያ ሙዚየም ተጠብቆ ይገኛል፤ ፊልሙንም «ፊልምስኬ ኖቮስቲ» የሚባለው የዜና ፊልም ድርጅት አኑሮታል። ከዚህም መዝገብ አንዱ ክፍል የእኛን አገር ይመለከታል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሐምሌ 1946 ዓ.ም. ዩጎዝላቪያን ጐበኙ፤ ቲቶም በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. «ጋሌብ» በምትባለው መርከባቸው ቀይ ባሕርን ተጕዘው ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የእስያን አገሮች ዞረው ሲመለሱ እንደ ገና ጐበኙን።

«የዚህ የሩቅ አገር ሰው ፎቶግራፍ ለጎጃም ልጅ ምኑ ነው?» የሚል ቢኖር አንድ ቀን ላስታውሰው። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው፣ ጠላትም ከተማውን ለቆ ሄዶ፣ ደብረ ማርቆስ የገቡበት ዕለት ነው። በዚያኑ ዕለት የጀርመን አውሮፕላኖች ቤልግሬድን በቦምብ ደበደቡ፤ ኢጣሊያም ከጀርመን ጋር ሆና ዩጎዝላቪያን ወረረች። እኛ ከፋሺስት እጅ በምንወጣበት ቀን እነርሱ ገቡ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላም ሁለቱ አገሮች በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ፤ በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ ለዩጎዝላቪያ 125 ሚሊዮን፣ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ።

ወዳጅነቱ የበቀለው ከዚህ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በአማርኛ ሲናገሩ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች እያፏጩ ሊያውኳቸው እንደ ሞከሩ፣ ታላላቆቹም መንግሥታት ሰምተው ዝም እንዳሉ የሚረሳ አይደለም። ቲቶም በበኩላቸው በ1940 ዓ.ም. ከስታሊን ጋር ተጣልተው፣ ከምሥራቁም ከምዕራቡም ሳይጠጉ መቆምን መረጡ። እንግዲህ ሁለቱም፣ ትንሽ አገር የትልቅ አገር ጭፍራ ሳትሆን መኖር ትችላለች በሚለው ሐሳብ ተስማሙ። ከነሐሴ 26 እስከ ጳጕሜን 1 ቀን 1953 ዓ.ም. የ25 አገሮች መሪዎችና መልእክተኞች በቤልግሬድ ተሰብስበው የገለልተኛ አገሮችን ጉባኤ ሲያደርጉ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተገኝተው ነበር። ወዳጅነቱም በቃል ብቻ አልቀረም፤ የአሰብን ወደብ የሠሩት የዩጎዝላቪያ ባለሙያዎች ናቸው፤ በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ የቆመውንም የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት የቀረጹት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የሚባሉ የዚያው አገር ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ ፎቶግራፎቹ ይህን ያሳያሉ። መሪዎቹ ጐን ለጐን ይቆማሉ፤ የክብር ዘብ ተሰልፏል፤ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሏል፤ ፊታቸው ብሩህ ነው። ይህንም የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት ወገን አንዱን ይይዛል። አንደኛው «ያ ዘመን እንዴት ያማረ ነበር! እንዲህ ያሉ መሪዎች ዛሬ የት አሉ?» ብሎ ሊሰግድ ይደርሳል። ሁለተኛው «ይህ ሁሉ የገዥዎች ድግስ ነው፤ ድኻው ምን ጠቀመው?» ብሎ ሊቀደው ይፈልጋል። እኔ ሁለቱም ተሳስተዋል እላለሁ፤ የስሕተታቸውም ምንጭ አንድ ነው። ሁለቱም ፎቶግራፉን ምስክር መሆኑን ረስተው ዳኛ አድርገውታል።

በአባቶቻችን ችሎት ምስክር ሲቀርብ እንዴት ያደርጉት እንደ ነበር አስታውሱ። ተሟጋቹ ነጠላውን አደግድጎ፣ በትሩን ይዞ፣ «ተጠየቅ!» ይል ነበር። ምስክር የተናገረውን ሁሉ እንደ ወረደ የሚቀበል ዳኛ ሞኝ ይባል ነበር፤ ምስክሩን ሳይሰማ የሚያባርር ዳኛ ደግሞ ዓመፀኛ ይባል ነበር። ምስክር ይሰማል፤ ይጠየቃልም፤ ከሌላ ምስክር ጋር ተገናዝቦ ፍርዱን የሚሰጠው ግን ዳኛው ነው። ፎቶግራፍም «ተጠየቅ» ሊባል ይገባዋል። ማን አነሣህ? የት ቆሞ አነሣህ? ለማን ብሎ አነሣህ? ከጠርዝህ ወዲያ ምን ነበር? ከአንተ በፊትና ከአንተ በኋላ ምን ሆነ?

እነዚህን ጥያቄዎች ከባዕድ መማር አያስፈልገንም። በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል የተመለከተ ሰው፣ የቀድሞ ሠዓሊ ጻድቁን ሁለት ዓይኑ እንዲታይ አድርጎ ፊት ለፊት፣ ክፉውን ግን አንድ ዓይኑ ብቻ እንዲታይ አድርጎ በጐን እንደሚሥለው ያውቃል። ያ ሠዓሊ ፍርዱን አልደበቀም፤ ከማን ወገን እንደ ሆነ ለሚያየው ሁሉ በግልጥ ነገረ። የካሜራ ሰው ግን እንዲህ አይደለም። እርሱም ወገን አለው፤ ነገር ግን ሁሉንም ሰው በሁለት ዓይኑ ያነሣዋል። ወገኑን የሚገልጠው በሚቆምበት ስፍራ፣ በሚመርጠው ሰዓት፣ በሚተወውም ነገር ነው። ስለዚህ የካሜራ ወገንተኝነት ከሠዓሊው ይልቅ የተሰወረ ነው። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ደቀ መዝሙር ከሰሙ ሥር ወርቁን ይፈልግ የለምን? ፎቶግራፍም ሰም አለው፤ ወርቁ ግን ብዙ ጊዜ ከጠርዙ ውጭ ነው።

በሕፃንነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ግድግዳው ላይ ከባሕር ማዶ የመጡ ሥዕሎች ተሰቅለው ነበር፤ ንጹሕ ጐዳና፣ የሠቡ ከብቶች፣ ጫማ ያደረጉ ልጆች ይታዩባቸው ነበር። አንድ ቀን ከጓደኞቻችን አንዱ «በዚያ አገር ድኻ የለም ወይ?» ብሎ መምህራችንን ጠየቀ። መምህሩም ፈገግ ብለው «ድኻማ ሞልቷል፤ ሥዕሉን የሠራው ሰው ግን አልጠራውም» ብለው መለሱ። ይህን መልስ ከተማርሁት ትምህርት ሁሉ ይልቅ ሳስታውሰው እኖራለሁ።

አሁን የቲቶን ፎቶግራፍ «ተጠየቅ» እንበለው። በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ቲቶ በአገራችን በክብር ሲቀበሏቸው፣ በአድርያቲክ ባሕር ውስጥ ጎሊ ኦቶክ በምትባል ዛፍ በሌላት ደሴት ላይ እስረኞች ድንጋይ ይፈልጡ ነበር። ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ የስታሊን ወዳጆች ናችሁ ተብለው በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደዚያች ደሴት ተወስደዋል። የቲቶ የትግል ጓደኛ የነበሩት ሚሎቫን ጂላስም የመንግሥቱን አካሄድ ስለ ነቀፉ በ1949 ዓ.ም. ታሰሩ። የሰላም ጉዞው ፎቶግራፍ ይህን አያሳይም። ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ ያሳየው ሁሉ ተደርጓል። ያላሳየው ግን ደግሞ ተደርጓል።

የእኛንም ወገን እንዲሁ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ የሰውን ጕድ አውጥቶ የራስን መሸፈን ፍርድ አይደለምና። በ1960 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ታላቅ ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ናይጄሪያ በቢያፍራ ምክንያት እርስ በርሷ ትዋጋ ስለ ነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመደበው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ ደከሙ። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ፎቶግራፉም አለ። በዚያው ዓመት ግን በጎጃም የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ስለ ወጣ፣ ገበሬው «ርስቴ ተለክቶ ሊወሰድብኝ ነው» ብሎ ስለ ሠጋ በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞት ዐመፀ። መንግሥትም ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም መንደሮችን በቦምብ ደበደበ። እኔ በዚያን ጊዜ ሕፃን ነበርሁ፤ ነገሩን ያወቅሁት ኋላ ሽማግሌዎች ሲያወጉ ነው። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ተሰረዘ። የአፍሪካ አዳራሹን ፎቶግራፍ በየመጽሐፉ እናገኘዋለን፤ ጎጆው የተቃጠለበትን ገበሬ ፎቶግራፍ ግን ማን አነሣው? ካሜራ ያለው ሰው በዚያ አልነበረም፤ ቢኖርም አይፈቀድለትም ነበር።

ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ወጣቶች «እንግዲያውስ የገዥ ፎቶግራፍ ሁሉ ውሸት ነው፤ ይጣል» ይሉ ይሆናል። ቆይ፤ አትቸኩል። ምስክርን ሳይጠይቁ ማመን ክፉ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ምስክርን ቈራርጦ በመቀጠል ፍርድ መስጠትም ክፉ ነው፤ ይህም በአገራችን ደርሷል። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ብዙ ሕዝብ በረኃብ አለቀ። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ያንን ረኃብ በፊልም ቀርጾ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለአገሩ ሕዝብ አሳየ። ፊልሙ እውነት ነበር፤ ተሸሽጎ የነበረውን የድኻ ሞት ገለጠ፤ በዚህም ምስጋና ይገባዋል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ግን ያው ፊልም በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ በረኃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥቱ ግብዣና ድሎት እየገባ ተቀጥሎ ነበር። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

ይህን ነገር በጥንቃቄ ተመልከት። ረኃቡ እውነት ነው፤ ግብዣውም እውነት ነው። የቀጠላቸው እጅ ግን ዓይናችንን ምስክር ሳይሆን ፍርድ አሳየው። ሕዝቡም የተቈጣው በእውነተኛ በደል ነው፤ ቍጣው ግን ወደ ችሎት አልተመራም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከእነርሱም አንዱ በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ስለ ኢትዮጵያ መብት የተከራከሩት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩ። በደል ነበራቸው እንበል፤ በደለኛም ቢሆን «ተጠየቅ» ተብሎ መልስ ሊሰጥ ይገባው ነበር። ምስል ዳኛ በሆነበት አገር ጠበቃ የለም፤ ይግባኝም የለም።

በሌላው በኩል ደግሞ ምስልን ማጥፋት ምን እንደሚያስከትል ተመልከት። የኢጣሊያ ወታደሮች በአገራችን ሰው ሲገድሉ ራሳቸውን በፎቶግራፍ ያነሡ ነበር፤ ያነሡትም ለጀግንነታቸው መታሰቢያ፣ ለቤተ ሰባቸውም የሚላክ መስሏቸው ነው። ነገር ግን ያ ፎቶግራፍ ከጦርነቱ በኋላ በራሳቸው ላይ መሰከረ። የኢትዮጵያ መንግሥት የፋሺስቶችን ቴሌግራምና ትእዛዝ፣ የዓይን እማኞችንም ቃል ሰብስቦ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቀረበ፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያም በሁለት ቅጽ አሳተመው። ትዕቢተኛው ለኵራት ያኖረው ወረቀት ለተበደለው ማስረጃ ሆነ። እንግዲህ ጠላት የተወውን ሁሉ በንዴት አቃጥለነው ቢሆን ኖሮ ምን ይዘን እንከራከር ነበር?

እርግጥ ነው፤ ማስረጃው ብቻውን ፍርድን አላመጣም። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. በአገሩ ችሎት 19 ዓመት ተፈረደበት፤ የተፈረደበት ግን ከጀርመኖች ጋር ስለ ተባበረ እንጂ በኢትዮጵያ ስላፈሰሰው ደም አይደለም። ከጥቂት ወራት በኋላም ተፈታ። ታላላቆቹ መንግሥታት ሊጠይቁት አልፈለጉም። ይህ ግን ማስረጃውን ከንቱ አያደርገውም። ዳኛ ባጣ ጊዜ ምስክር ዝም ብሎ ይቈያል፤ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው፣ የሚጠይቀው ትውልድ እስኪመጣ ይጠብቃል። የምስክሩን አፍ የዘጋ ሰው ግን ለዘላለም ዘጋው።

«የወደቀን ገዥ ፎቶግራፍ ማኖር ማክበር አይደለምን?» ትለኝ ይሆናል። አይደለም። ስለ ገዥው በጎነት የሚመሰክረው ወረቀትና ስለ ክፋቱ የሚመሰክረው ወረቀት ብዙ ጊዜ አንድ ነው። በደሉን ልትገልጥ የምትፈልግ ከሆነ ከሁሉ አስቀድሞ አንተ ነህ ፎቶግራፉን የምትፈልገው። ማን ከማን ጋር ቆሞ እንደ ነበር፣ መቼ እንደ ነበር፣ ምን እንደ ተባለ በምን ታውቃለህ? «በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይባላል፤ ምሳር ያበዛ ሰው ግን ዛፉ ስንት ዓመት እንደ ቆመ የሚናገረውን ክቡን ጭምር ይቈራርጠዋል።

የነገሥታትና የፕሬዚዳንቶች ሥራ እንዴት እንደሚያልፍም ከዚሁ ታሪክ መረዳት ይቻላል። ፎቶግራፉ ላይ የሚታየው የኢትዮጵያ ዘውዳዊ መንግሥት በ1967 ዓ.ም. ወደቀ። ዩጎዝላቪያ የሚባለውም አገር በ1983ና በ1984 ዓ.ም. ተበታተነ፤ ወንድማማች የተባሉት ሕዝቦች ተፋጁ። ሰንደቅ ዓላማዎቹ ወረዱ፤ ሁለቱም መሪዎች አፈር ሆኑ። የሰማዕታቱን ሐውልት ከቀረጹት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው አውጉስቲንቺች በሐረርም የልዑል ራስ መኰንንን ሐውልት ሠርቶ ነበር። የስድስት ኪሎው ሐውልት እስከ ዛሬ ቆሟል፤ የሐረሩን ግን በሰኔ 2012 ዓ.ም. በሁከት ጊዜ ሰዎች ጣሉት። የአንድ ሰው እጅ ከሠራቸው ሁለት ነገሮች በአንደኛው ሥር አበባ ይቀመጣል፤ ሁለተኛውን የሚያስታውሰን ፎቶግራፍ ነው። ሐውልቱ መቆም ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሣም፤ የሚከራከሩትም ሁሉ የሚከራከሩበትን ነገር ለልጆቻቸው ማሳየት የሚችሉት ያ ፎቶግራፍ ካለ ብቻ ነው እላለሁ።

ስለ ድምፅና ስለ ፊልምም አንድ ቃል ልጨምር። በዚያ ዘመን የዜና ፊልም የሚበዛው ያለ ድምፅ ይቀረጽ ነበር፤ ተራኪውም ሙዚቃውም በኋላ በስቱዲዮ ይጨመር ነበር። ስለዚህ መሪው አፉን ሲያንቀሳቅስ የምትሰማው ብዙ ጊዜ የእርሱን ቃል ሳይሆን ስለ እርሱ የተጻፈውን ነው። በአንጻሩ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በአማርኛ ያደረጉት ንግግር በራሳቸው ድምፅ ተቀርጾ ይገኛል። የዘር ልዩነትን የተቃወሙበት ያ ቃል፣ ኋላ የጃማይካው ዘፋኝ ቦብ ማርሌይ በዜማ አድርጎት በዓለም ሁሉ ተሰማ። ቃሉ እውነት ነው፤ የተናገሩትም ሰው በአገራቸው ሁልጊዜ በቃሉ አልኖሩም። ሁለቱን በአንድ ልብ መያዝ ያስቸግራል፤ ነገር ግን ትልቅ ሰው መሆን ማለት ይህን መቻል ነው። በውጭ ያደረጉት ሰላም በአገር ቤት የፈጸሙትን በደል አይከፍለውም፤ በአገር ቤት የፈጸሙትም በደል በውጭ ያደረጉትን ሰላም አያጠፋውም። ሁለቱም በየመዝገባቸው ይጻፉ።

ወደ እናንተ ልመለስ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የቲቶ ፎቶግራፍ አንሺዎች ከነበራቸው የተሻለ መሣሪያ በኪሳችሁ ይዛችኋል። በስልካችሁ በየቀኑ የጦርነት፣ የሬሳ፣ የሰልፍ፣ የመሪም ምስል ይደርሳችኋል፤ ከዚያም ውስጥ የአንድ አገር ምስል የሌላ አገር ስም ተሰጥቶት፣ የአሮጌ ዘመን ምስል «ዛሬ የሆነ» ተብሎ፣ ወይም ጨርሶ ያልሆነ ነገር በኮምፒውተር ተሠርቶ ይመጣል። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ በዚህ ተነሥቷል። እንግዲህ ምስል ሲደርስህ፣ ለሌላ ሰው ከማስተላለፍህ በፊት «ተጠየቅ» በለው። ማን እንዳነሣህ፣ መቼና የት እንደ ሆነ መናገር ካልቻለ ምስክርነቱን አትቀበል፤ በእርሱም ምክንያት በማንም ሰው ላይ እጅህንና አፍህን አታንሣ። በሰው ሕይወት ላይ የምትፈርድበት ነገር በበግ ዋጋ ላይ ከምትከራከርበት ማስረጃ ሊያንስ አይገባውም።

የሚቀረው ሥራ ደግሞ ፎቶግራፍ ላልተነሡት ሰዎች መመስከር ነው። በ1960 ዓ.ም. በሞጣና በዳሞት የሆነውን ያዩ ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሞተዋል። በየመንደሩ ግን ገና ጥቂቶች አሉ። በደስታና በትሕትና ወደ እነርሱ ቅረቡ፤ «አባባ፣ እማማ፣ እስቲ ያዩትን ይንገሩኝ» በሏቸው፤ ከፈቀዱላችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ። የተናጋሪውን ስም፣ የቦታውን ስምና የቀረጻችሁበትን ቀን መዝግቡ። ደስ ያላችሁን ትታችሁ፣ ያላስደሰታችሁን አትቍረጡ። አንዱ አውሮፕላን ነበር ሲል ሌላው ያንኑ ቀን በሌላ መንገድ ቢነግራችሁ ሁለቱንም አኑሩ። እነርሱም ቢሆኑ ምስክሮች ናቸውና እንደ ማንኛውም ምስክር በአክብሮት ይጠየቁ፤ ድኻ መሆን ከመሳሳት አያድንም። የቀረጻችሁትንም በስልካችሁ ብቻ አትተዉት፤ ስልክ ይሰበራል፤ ይጠፋልም። ለትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት፣ ወይም ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ፣ ወይም በአዲስ አበባ ላለው ቤተ መዛግብት አንድ ግልባጭ ስጡ።

የቤልግሬድ ሰዎች፣ አገራቸው ከነስሙ ከጠፋ በኋላ እንኳ፣ የመሪያቸውን ፎቶግራፍ በሣጥን ጠብቀው አኖሩ፤ ዛሬ የሚያደንቃቸውም የሚነቅፋቸውም መጥቶ ያንኑ ሣጥን ይከፍታል። የእኛ ሽማግሌዎች ግን ሣጥን የላቸውም። ያላቸው ትዝታቸው ብቻ ነው፤ እርሱም በየዓመቱ ከእነርሱ ጋር ይቀበራል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ በመጪው በዓል ወደ ዘመዶቻችሁ ስትሄዱ ማንን እንደምትጠይቁ አስቡ፤ የስልካችሁንም ባትሪ ሞልታችሁ ሂዱ።